የኤክስኤምኤል መረጃን በታግና በአትሪቢዩት መፈለግ፦ በሂርናና በአካባቢዋ የቦታ ስሞች ላይ የተደረገ ሙከራ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በኤክስኤምኤል የተቀመጠ መረጃን በፓይተን ቋንቋ በታግና በአትሪቢዩት ስንፈልግ፣ ፍለጋው ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ባዶ ወይም ጎዶሎ ዝርዝር የሚመልስባቸውን ሁኔታዎች ይመረምራል። ማሳያው የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችን ስም የያዘ፣ አቅራቢው ለማስተርስ ጥናቱ ያዘጋጀው አነስተኛ ፋይል ነው። ሰፊ ቦታ የተሰጠው ለሁለት ጉዳዮች ነው፤ አንደኛው በግዕዝ ፊደል የተሰየሙ ታጎች በየትኛው ፓርሰር ይነበባሉ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የአማርኛ ሞክሼ ሆሄያት በአትሪቢዩት ፍለጋ ላይ የሚያስከትሉት ጉድለት ነው።

1. መነሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚወስደው ዋና መንገድ አሰበ ተፈሪን፣ በዛሬ መጠሪያዋ ጭሮን፣ ካለፈ በኋላ ሂርናን ያቋርጣል፤ ከዚያም ወደ ቁልቢ ይዘልቃል። ሂርና የጡሎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዋም ከአካባቢው ውጭ ላሉ የዘርፉ ተመራማሪዎች እንግዳ አይደለም። ይህን የምለው ከተማዋ በቀላሉ የምትዘነጋ አለመሆኗን ለማስታወስ ብቻ ነው። በጥናቴ የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ ግን «ምንም መረጃ ያልተገኘላቸው ከተሞች» በሚል ርእስ ባዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ የጻፉት አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ሂርናን እንዴት አጣሃት?

አላጣኋትም፤ በፋይሉ ውስጥ ነበረች። ስክሪፕቱ ፈልጎ አላገኛትም እንጂ። ከዚህ የባሰው ነገር ስክሪፕቱ ምንም ስሕተት አለማሳየቱ ነው። ፍለጋው ተሳክቶ ተጠናቀቀ፤ የተመለሰው ዝርዝር ባዶ ነበር፤ እኔም ባዶውን ዝርዝር እንደ ግኝት ቆጠርሁት። በማኅበራዊ ሳይንስም ሆነ በሥነ ልሳን ጥናት የዲጂታል መረጃ የምንጠቀም ተማሪዎች እየበዛን ስለሆነ፣ ይህ ዓይነቱ ጉድለት ከየት ከየት እንደሚመጣ መዘርዘር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። የፓይተን ትእዛዞችና የመሣሪያዎቹ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቢሆኑም እዚህ በድምፃቸው ቀርበዋል። በማሳያው ፋይል ውስጥ ያሉት ታጎችና አትሪቢዩቶች ግን በእርግጥም በግዕዝ ፊደል የተሰየሙ ናቸው፤ የጽሑፉ አንዱ ክርክርም ከዚሁ የሚነሣ ነው።

2. የፋይሉ አካል

ኤክስኤምኤል መረጃን በዛፍ መልክ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ኤለመንት ይባላል፤ የኤለመንቱ ስም የተጻፈበት የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክት ታግ ነው። በመክፈቻው ታግ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ በእኩል ምልክት የሚገቡት የስምና የዋጋ ጥንዶች አትሪቢዩት ይባላሉ። ከፋይሌ የተወሰደው ክፍል የሚከተለው ነው፦

<ዞን ስም="ምዕራብ ሐረርጌ">
  <ከተማ መለያ="ከ1" ስም="አሰበ ተፈሪ" መንገድ="ዋና"/>
  <ወረዳ ስም="ጡሎ">
    <ከተማ መለያ="ከ3" ስም="ሒርና" መንገድ="ዋና"/>
  </ወረዳ>
  <ወረዳ ስም="ሀብሮ">
    <ከተማ መለያ="ከ5" ስም="ገለምሶ" መንገድ="ቅርንጫፍ"/>
  </ወረዳ>
  <ወረዳ ስም="ዳሮ ለቡ">
    <ከተማ መለያ="ከ6" ስም="መቻራ"/>
  </ወረዳ>
</ዞን>

አሰበ ተፈሪ ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ስለሆነች በቀጥታ በዞኑ ሥር ተቀምጣለች፤ ሌሎቹ በየወረዳቸው ሥር ናቸው። የመቻራ «መንገድ» የሚለው አትሪቢዩት ገና አልተሞላም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንባቢ ልብ እንዲላቸው እጠይቃለሁ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

3. ፓይተን የጻፈውን ፓይተን ያላነበበበት ምክንያት

ፋይሉን ያዘጋጀልኝ ከማስታወሻ ደብተሬና ከተመን ሉህ የሰበሰብሁትን መረጃ የሚያዋቅር አጭር ስክሪፕት ነበር። የተጠቀምሁበት ኤለመንትትሪ የተባለውን መሣሪያ ነው፤ ይህ መሣሪያ ከ2006 እ.ኤ.አ. ማለትም ከፓይተን 2.5 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል። ኤለመንትትሪ በሚጽፍበት ጊዜ የታጉን ስም አይመረምርም፤ «ከተማ» ብንለው «ከተማ» ብሎ ይጽፋል። በማግሥቱ ያንኑ ፋይል በዚያው መሣሪያ ልከፍት ስሞክር ግን ሰነዱ በትክክል እንዳልተዋቀረና ሕጋዊ ያልሆነ ምልክት እንደያዘ የሚገልጽ መልእክት መጣ። መልእክቱ የሚያመለክተው የመጀመሪያውን ታግ የመጀመሪያ ፊደል፣ «ዞ»ን ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ያጠፋሁት በኢንኮዲንግ ጥርጣሬ ነው። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 መቀመጡን አረጋገጥሁ፤ በሌላ የጽሑፍ ማዘጋጃ ከፈትሁት፤ በመነሻው ላይ የተደበቀ ምልክት እንዳለ ፈለግሁ፤ ምንም አልነበረም። ታጎቹን ሁሉ ወደ ላቲን ፊደል ለውጬ የአትሪቢዩት ዋጋዎችን ብቻ በግዕዝ ስተዋቸው ፋይሉ ያለ ችግር ተከፈተ። አንዱን አትሪቢዩት መልሼ «ስም» ብዬ ስሰይመው እንደገና እምቢ አለ። ስለዚህ ጉዳዩ ስለ ግዕዝ ፊደል በጥቅሉ አልነበረም፤ ግዕዝ በዋጋነት ይፈቀዳል፣ በስምነት ግን ይከለከላል ማለት ነው።

ምክንያቱ በደረጃው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ኤክስኤምኤል 1.0 በየካቲት 1998 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ በሰነድ ይዘት ውስጥ ሊገቡ የሚችሉትን ምልክቶች በሰፊው ፈቀደ፤ በታግና በአትሪቢዩት ስም ውስጥ ሊገቡ የሚችሉትን ፊደላት ግን በዝርዝር ቆጥሮ አስቀመጠ። ዝርዝሩ የተወሰደው ከዩኒኮድ 2.0 ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ስለዚህ ደረጃው በጸደቀበት ዕለት ፊደላችን ገና ኮድ አልነበረውም፤ ዝርዝሩም ተዘግቶ ነበር። ክሜርና ሞንጎልኛን የመሳሰሉ ፊደላትም ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው። ችግሩን ለማረም በ2004 እ.ኤ.አ. ኤክስኤምኤል 1.1 ወጣ፤ ይሁንና ከስም ደንቡ ጋር ሌሎች ለውጦችንም ይዞ ስለመጣ ብዙ ተጠቃሚ አላገኘም። በመጨረሻ በኅዳር 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም አዲሱን ልል የስም ደንብ ወደ ዋናው ደረጃ አመጣው። ደንቡ እጅግ ልል ከመሆኑ የተነሣ ዛሬ የግዕዝን ፊደላት ብቻ ሳይሆን ሁለት ነጥባችንንም ጭምር በስም ውስጥ ይፈቅዳል፤ አራት ነጥብን ራሱን የቻለ ታግ ማድረግ በደንቡ መሠረት ስሕተት አይደለም፤ ይጠቅማል ማለቴ ግን አይደለም።

እንግዲህ የተፈቀደው ነገር ለምን ተከለከለ? ደረጃውን የሚያስፈጽመው ፓርሰሩ ስለሆነ ነው። ኤለመንትትሪ ፋይል የሚያነበው ኤክስፓት በተባለው ፓርሰር ነው፤ ኤክስፓት ደግሞ እስካሁን የሚከተለው አራተኛውን እትም፣ ማለትም አሮጌውን ዝርዝር መሆኑን በራሱ ማብራሪያ ይገልጻል። ከዚህ በታች ከሚመጣው ኤክስፓዝ ጋር በስም ይቀራረባል እንጂ ግንኙነት የለውም። ሊብኤክስኤምኤል2 የተባለው ሌላው ፓርሰር ከእትም 2.7 ጀምሮ አምስተኛውን እትም ተቀብሏል። በፓይተን በዚህ ፓርሰር ላይ የተገነባው መሣሪያ ኤልኤክስኤምኤል ይባላል፤ ትእዛዞቹ ከኤለመንትትሪ ጋር በአብዛኛው አንድ ስለሆኑ ከስክሪፕቱ የተለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ፋይሉም ተከፈተ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። በኤልኤክስኤምኤል ውስጥ ሁለት የፍለጋ መንገዶች አሉ። ፋይንድኦል የተባለው ቀላሉ መንገድ የታጉን ስም በፊደሉ ሳይመርጥ ይቀበላል። ሙሉውን የኤክስፓዝ ቋንቋ የሚተረጉመው ሁለተኛው መንገድ ግን፣ እኔ በተጠቀምሁበት የሊብኤክስኤምኤል2 እትም፣ በፍለጋው ሐረግ ውስጥ የግዕዝ ስም ሲያገኝ ሐረጉ ልክ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ፋይሉን የሚያነበው የፓርሰሩ ክፍል ታድሶ ሳለ ሐረጉን የሚያነበው ክፍል በአሮጌው ደንብ ቀርቶ ነበር። መውጫው ስሙን በዋጋነት ማቅረብ ነው፤ «ማንኛውም ኤለመንት፣ ስሙ 'ከተማ' የሆነ» ብሎ መጻፍ፦

//*[ኔም()='ከተማ']

በጥቅስ ውስጥ ያለ ግዕዝ ጽሑፍ እንጂ ስም ስላልሆነ ማንም አይከለክለውም።

ከዚህ በኋላ ፋይሌን በሁለት መልክ ይዣለሁ። ለራሴ የምሠራበት በግዕዝ የተሰየመው ነው፤ ለሌላ ተመራማሪ የምልከው ስሞቹ በላቲን ዋጋዎቹ በግዕዝ የሆኑበትን ነው። ሁለተኛው የተቀባዩን ፓርሰር ላለመጠየቅ የተደረገ መላ ነው፤ በግዕዝ መሰየም የማያስፈልግ ቅንጦት ነው የሚሉትን ወገኖች እይታ ግን አልጋራም። መረጃውን በእጁ የሚያስገባው የወረዳ ሠራተኛ «ወረዳ» የሚለውን ታግ አይቶ ወዲያው ይረዳዋል።

4. በታግ መፈለግ

የመጀመሪያው ፍለጋዬ ይህን ይመስል ነበር፦

ዛፍ.ፋይንድኦል('ከተማ')

የተመለሰው አንድ ኤለመንት ብቻ ነው፤ አሰበ ተፈሪ። ምክንያቱም ስሙ ብቻውን ሲሰጥ ፍለጋው የሚያየው የሥሩን ቀጥተኛ ልጆች ብቻ ነው፤ በወረዳ ሥር ያሉት የልጅ ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ ቶሎ በነቃሁ ነበር፤ አንድ እውነተኛ ውጤት መኖሩ ግን ፍለጋው የሠራ አስመሰለው። ዛፉን እስከ ታች ለማሰስ ከስሙ በፊት ነጥብና ሁለት የተኛ መስመር ይቀመጣል፦

ዛፍ.ፋይንድኦል('.//ከተማ')

ይህ አራቱንም ይመልሳል። ፋይንድ የሚለው ትእዛዝ የመጀመሪያውን ብቻ፣ ፋይንድኦል ሁሉንም በዝርዝር፣ ኢተር ደግሞ ሁሉንም አንድ በአንድ እየቀዳ ይሰጣል። በዐራት ማዕዘን ቅንፍ ቁጥር መጨመር ሌላ መሰናክል አለው፤ «.//ከተማ[1]» በሰነዱ ውስጥ የመጀመሪያዋ ከተማ ማለት ሳይሆን በእያንዳንዱ ወላጅ ሥር የመጀመሪያዋ ማለት ነው። በማሳያችን ላይ አራቱም ከተሞች ይመለሳሉ፤ እያንዳንዷ በወላጇ ሥር አንደኛ ናትና።

በታግ ፍለጋ ባዶ ዝርዝር የሚመልሰው ዋነኛው ምክንያት ግን ኔምስፔስ ነው። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሂዮብ ሉዶልፍ ማእከል ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት የሚያካሂደው ቤተ መጻሕፍት የተባለው የረጅም ጊዜ ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የኤርትራን ብራናዎች በቲኢአይ ደንብ በኤክስኤምኤል ይመዘግባል። ከዚያ የተገኘን ፋይል ከፍቶ የቦታ ስም የሚለውን ታግ በዐይን እያየ ፈልጎ የሚያጣ ተማሪ ብዙ ነው። በሥሩ ኤለመንት ላይ የተጻፈው የኔምስፔስ አድራሻ በሥሩ ያሉትን ኤለመንቶች ሁሉ ስለሚመለከት፣ በፓይተን ዐይን የታጉ ሙሉ ስም በጥምዝ ቅንፍ ከገባው አድራሻ ጋር የተጣመረው ነው። ከፓይተን 3.8 ወዲህ በኤለመንትትሪ በአድራሻው ፈንታ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ኮከብ ማስገባት ይቻላል። ልብ መባል ያለበት፣ ቅጥያ የሌለው አትሪቢዩት ይህን አድራሻ አይወርስም፤ ስለዚህ በታግ ላይ አድራሻውን መጻፍ የለመደ ሰው በአትሪቢዩትም ላይ ቢጨምረው እንደገና ባዶ ያገኛል።

5. በአትሪቢዩት መፈለግ

አትሪቢዩት በአት ምልክት ይጠራል። «.//ከተማ[@መንገድ]» የሚለው አትሪቢዩቱ ያላቸውን፣ «.//ከተማ[@መንገድ='ዋና']» ደግሞ ዋጋው «ዋና» የሆነውን ይመልሳል። ከፓይተን 3.10 ጀምሮ ኤለመንትትሪ «አይደለም» ብሎ መጠየቅንም ይቀበላል፦

ዛፍ.ፋይንድኦል(".//ከተማ[@መንገድ!='ዋና']")

በዋና መንገድ ላይ ያልሆኑትን ከተሞች ፈልገን ይህን ብንጽፍ የምናገኘው ገለምሶን ብቻ ነው። መቻራ ትቀራለች፤ አትሪቢዩቱ የሌላት ስለሆነች ከ«ዋና» ጋር የሚነጻጸር ዋጋ የላትም። በሙሉው ኤክስፓዝ ጥያቄውን ገልብጦ «ዋና የሆነች ካልሆነች» በሚል ክልከላ ብንጽፈው መቻራም ትገባለች። ሁለቱ ሐረጎች በአማርኛ ሲነበቡ አንድ ይመስላሉ፤ ያልተሞላ መረጃ ባለበት ፋይል ላይ ግን ልዩነታቸው የመቶኛ ስሌትን ያዛባል።

የኦፕንስትሪትማፕ ፋይሎች በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። በዚያ አሠራር አንድ ቦታ «ኖድ» በሚባል ኤለመንት ይመዘገባል፤ ስሙና ዓይነቱ ግን በኖዱ አትሪቢዩት ውስጥ አይገቡም። በኖዱ ሥር «ታግ» የሚባሉ ልጅ ኤለመንቶች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱም «ኬ» እና «ቪ» የሚሉ ሁለት አትሪቢዩቶች ይዞ ኬው ቁልፉን፣ ቪው ዋጋውን ይናገራል። ታግ የሚለው ቃል እዚህ የኤለመንት ስም መሆኑ ብቻውን አንድ ሴሚስተር የሚያደናግር ነገር ነው። «.//ታግ[@ቪ='ሂርና']» ብለን ብንፈልግ የሚመለሰው የስም ካርዱ እንጂ ከተማዋ አይደለችም፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ያለው በወላጁ በኖዱ ላይ ነው። ኤለመንትትሪ ከልጅ ወደ ወላጅ የሚወስድ መያዣ ለኤለመንቱ ስለማይሰጥ፣ በፍለጋው ሐረግ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ አክለን ወደ ወላጁ መመለስ አለብን፦

ዛፍ.ፋይንድኦል(".//ታግ[@ኬ='ስም'][@ቪ='ሂርና']/..")

ሁለቱን ቅድመ ሁኔታዎች በተከታታይ ቅንፍ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ቁልፉን ሳንገድብ ዋጋውን ብቻ ብንፈልግ በከተማዋ ስም የተሰየመ መንገድ ወይም ሱቅም ሊገባ ይችላል።

የጥቅስ ምልክትን በተመለከተም አጭር ማስታወሻ ይገባል። በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ በሆነው አፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ አጻጻፍ፣ ሁድሃ የሚባለው የጉሮሮ ድምፅ ምልክት በነጠላ ጥቅስ ይጻፋል። የሚኤሶ የቁቤ አጻጻፍ ይህ ምልክት አለበት። ስሙን በነጠላ ጥቅስ በታጠረ የፍለጋ ሐረግ ውስጥ በቀጥታ ካስገባነው ጥቅሱ ከስሙ መካከል ይዘጋና ሐረጉ ይፈርሳል። በኤልኤክስኤምኤል ሙሉ ኤክስፓዝ ስሙን ከሐረጉ ውጭ በተለዋዋጭ ማቀበል ይቻላል፤ በኤለመንትትሪ ደግሞ ከተሞቹን ሁሉ አውጥቶ አትሪቢዩቱን በፓይተን ማነጻጸር ይቀላል።

6. አንዲት ከተማ፣ ብዙ ፊደል

አሁን ወደ ሂርና ልመለስ። በሁለተኛው ክፍል ያቀረብሁትን ፋይል አተኩሮ ያየ አንባቢ የከተማዋ ስም «ሒርና» ተብሎ በሐመሩ ሐ መጻፉን ተመልክቶ ይሆናል። እኔ የፈለግሁት በሃሌታው ሀ የተጻፈችውን «ሂርና»ን ነበር። መረጃውን የወሰድሁበት ማስታወሻ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው በሐመሩ ሐ ጽፏታል፤ ስሕተት ነው የሚለውም የለም። የአማርኛ አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ለፓርሰሩ ግን «ሂ» እና «ሒ» እንደ «መ» እና «ረ» የተለያዩ ናቸው። የዩኒኮድ የማስተካከያ ሥርዐቶችም አያግዙም፤ ሞክሼዎቹን በእኩልነት አይመለከቷቸውምና።

የጉድለቱን ስፋት ለማየት «አሰበ ተፈሪ»ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሰ ወይም ሠ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ባዶ ቦታ፣ ሁለት ነጥብ ወይም ምንም ላይኖር ይችላል። አራት በሁለት በሦስት ሲባዛ 24 አጻጻፍ ይሆናል። ሁሉም በተግባር ይገኛሉ አልልም፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ የሚፈልግ ስክሪፕት ሃያ ሦስቱን እንደሚስት ግን ግልጽ ነው። «ሐረርጌ» የሚለው ስምም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ስድስት መልክ ሊይዝ ይችላል።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ወገን ማምጣት ነው። ፊደሉ በዩኒኮድ ውስጥ በስምንት ስምንት የተደረደረ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ከሐ ቤት እያንዳንዱ ሆሄ ከሀ ቤት አቻው በ16 ኮድ ይርቃል፤ ኀ ከሀ በ128፣ ሠ ከሰ በ16፣ ዐ ከአ በ48፣ ፀ ከጸ በ8። ሰባቱን ሆሄያት በዚህ ርቀት ማዛወር፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣትና ሁለት ነጥብን በባዶ ቦታ መተካት በፓይተን ጥቂት መስመሮች ብቻ ይወስዳል። በሙሉው ኤክስፓዝም ትራንስሌት የተባለው ተግባር ይህንኑ በፍለጋው ሐረግ ውስጥ ይፈጽማል፦

//*[ትራንስሌት(@*[ኔም()='ስም'], 'ሒሐዐሠ', 'ሂሀአሰ')='ሂርና']

ሁለቱ ዝርዝሮች ፊደል በፊደል መመሳሰል አለባቸው። ሁለተኛው ዝርዝር ካጠረ የተረፉት ፊደላት ሳይተኩ ይሰረዛሉ፤ ይህም ያለ ማስጠንቀቂያ የሚደረግ ነው።

ይሁንና በፋይሉ ውስጥ ያለውን ስም ራሱን መለወጥ የለብንም። ለአማርኛ የቦታ ስም ጉዳቱ አነስተኛ ሊመስል ይችላል፤ በግዕዝ ጽሑፍ ላይ ግን ሠዐለ እና ሰአለ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱ ሥዕል መሣል፣ ሌላው መለመን ነው። ብራናን በሚመለከት ፋይል ላይ ሞክሼዎችን ማዋሐድ ማስረጃን መደምሰስ ነው። ስለዚህ የጸሐፊውን አጻጻፍ በ«ስም» ትቼ፣ የተስተካከለውን «ቁልፍ» በሚል አዲስ አትሪቢዩት ጨመርሁ፤ ፍለጋው በቁልፉ፣ ጥቅሱ በስሙ ይደረጋል።

ቁልፉ ግን የሁለት ስሞችን ጉዳይ አይፈታም። አሰበ ተፈሪና ጭሮ በምንም የፊደል ማስተካከያ አንድ አይሆኑም። ጭሮም በቁቤ ስትጻፍ በአንድ የላቲን «ሲ» ትጀምርና በሁለት «ኦ» ትጨርሳለች፤ በቁቤ ያ ነጠላ «ሲ» የጨ ድምፅ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን ከ«ሲ» ቀጥሎ «ኤች» ይጨመራል፤ መጨረሻዋም በአንድ «ኦ» ይቀራል። ኦፕንስትሪትማፕ ለዚህ የየቋንቋውን ስም፣ አማራጭ ስምና የቀድሞ ስም የሚይዙ የተለያዩ ቁልፎች አሉት። የቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት ያደረገው ከዚህ የተሻለ ይመስለኛል፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለው የቦታ ስም በየትኛውም መልክ ቢጻፍ፣ ታጉ በማጣቀሻ አትሪቢዩት የቦታውን ቋሚ መለያ ይይዛል። ፈላጊው መለያውን ሲጠይቅ አጻጻፎቹ ሁሉ ይመጡለታል። በፋይሌ ውስጥ «መለያ» የሚለውን አትሪቢዩት መጀመሪያ ያስገባሁት ለመደርደሪያ ያህል ነበር፤ አሁን ዋናው የፍለጋ በር እሱ ሆኗል።

7. ተገኝቶም «የለም» መባል

የቀሩት ሁለት ጉዳዮች የፓይተን ጠባይ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ፋይንድ ኤለመንቱን አግኝቶ ሳለ ቅድመ ሁኔታው ውሸት ሊሆን መቻሉ ነው። በኤለመንትትሪ ልጅ የሌለው ኤለመንት በ«ኢፍ» ሲፈተሽ እንደ ባዶ ይቆጠራል። የእኛ ከተሞች ሁሉ ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ «ከተገኘ» ብለን የጻፍነው መስመር ሂርና ተገኝታ እንኳ አይፈጸምም። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በአሮጌ እትም የሚሠራ ሰው ግን ምንም አያይም። ውጤቱ «ነን» አለመሆኑን በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ትልልቅ ፋይሎችን ይመለከታል። የአንድን አገር ካርታ የያዘ ፋይል በአንድ ጊዜ ወደ ማስታወሻ ማስገባት አቅሙ ውስን በሆነ ላፕቶፕ ላይ አይቻልም፤ ስለዚህ ኢተርፓርስ በሚባለው ትእዛዝ ቁራጭ በቁራጭ ማንበብና የተነበበውን በክሊር ማጽዳት የተለመደ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው ስሕተት እያንዳንዱን ኤለመንት በሚዘጋበት ቅጽበት ማጽዳት ነው። ልጅ ከወላጁ ቀድሞ ይዘጋል፤ ክሊር ደግሞ አትሪቢዩቶችንም ጭምር ይጠርጋል። ስለዚህ ኖዱ ተራው ደርሶ ሲመረመር በሥሩ ያሉት የስም ካርዶች ቁልፍም ዋጋም የሌላቸው ሆነው ይጠብቁናል፤ ፍለጋውም እስከ ፋይሉ መጨረሻ አንድም ነገር ሳያገኝ ይዘልቃል። ማጽዳት ያለብን ኖዱ ራሱ ሲዘጋ ብቻ ነው።

ሂርና አሁን በጥናቴ ዋና ሠንጠረዥ ውስጥ «ከ3» በሚለው መለያዋ ገብታለች። «ምንም መረጃ ያልተገኘላቸው ከተሞች» የሚለውን ሠንጠረዥ ግን ገና አልሰረዝሁትም፤ በውስጡ የቀሩትን ስሞች አንድ በአንድ በቁልፍም በመለያም እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን ሁለቱ ከሠንጠረዡ ወጥተዋል።